የትኛው በሬ ይቀየር? ያረጀ የጌም ኮምፒዩተርን መቼና እንዴት አፕግሬድ እናድርግ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ጌም የሚያጫውቱ ብዙ ዴስክቶፖች ሲሠሩ ለጌም አልታሰቡም። ባሕር ማዶ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ ሲጽፉና ሒሳብ ሲሠሩ ከርመው፣ ዘመናቸው አለፈ ተብለው ሲወገዱ ወደ እኛ የመጡ ዴል ኦፕቲፕሌክሶችና ኤችፒ ኤሊትዴስኮች ናቸው። እዚህ ሲደርሱ ግራፊክስ ካርድ ይሰካባቸውና ጂቲኤ 5ን ወይም ፊፋን ማጫወት ይጀምራሉ። ስለዚህ «ኮምፒዩተሬ አርጅቷል፤ ልቀይረው?» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ ሲነሳ፣ የሚጠየቅለት ማሽን ቀድሞውኑ አንድ ጊዜ አርጅቶ የመጣ ነው። ዕድሜው ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

የተሳሳተ ግዢም እዚህ ይከብዳል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ የሚወጣው የዓባይ በረሃ አለ። መርካቶ የተገዛ፣ ወይም በቴሌግራም ታይቶ በአውቶቡስ የተላከ ካርድ አልገጥም ሲል፣ ሻጩ ለመመለስ ቢስማማ እንኳ መንገዱና ጊዜው ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ሁለት ነገር ይመክራል፦ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ፤ ሲገዙ ደግሞ ወደሚቀጥለው ኮምፒዩተርዎ የሚሻገረውን ዕቃ ያስቀድሙ።

ሦስት ዓይነት እርጅና

«አረጀ» ስንል ሦስት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም እየጠራን ነው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም።

አንዱ መጓተት ነው። ጌሙ ይከፈታል፤ ግን ምስሉ ይቆራረጣል፣ ግርግር ሲበዛ ስታክ ያደርጋል። ይህ የመጠን ጉዳይ ነው። ሴቲንግ ዝቅ ሲል፣ ራም ሲጨመር ወይም ካርድ ሲቀየር ይሻሻላል። ተጫዋቹ ከታገሠው ደግሞ ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል።

ሁለተኛው በር መዘጋት ነው። ጌሙ የሚጠይቀው ነገር በማሽኑ ውስጥ ከሌለ ፍጥነት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» ሬይ ትሬሲንግን (የብርሃንን ጉዞ እየተከተሉ መሣልን) በሃርድዌር የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል፤ በ2016 ሲወጣ ከሁሉ በላይ ይባል የነበረው ጂቲኤክስ 1080 በሩ ላይ ይቀራል። በኦክቶበር 2025 የወጣው «ባትልፊልድ 6» ደግሞ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪውር ቡት የሚባሉት የኮምፒዩተሩ የደኅንነት መከላከያዎች ካልነቁ አያስገባም። እንደ አይ5-3470 ያሉ የሦስተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው አራተኛው ትውልድ ያውቃል። ይህን የሚጠይቁ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ገና ሲነሱ ይዘጋሉ። እዚህ ላይ ሴቲንግ መቀነስ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ጉዳት ነው። የደረቀ ቴርማል ፔስት፣ በአቧራ የታፈነ ፋን፣ ባድ ሴክተር ያወጣ ሀርድ ዲስክ፣ በመብራት መለዋወጥ የተዳከመ ፓወር ሰፕላይ ሁሉም ማሽኑን ያረጀ ያስመስሉታል። በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ያለቀችበት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ትንሽ ባትሪ ናት። ለጉዳት መጠገን እንጂ አፕግሬድ አያስፈልገውም። ለተጓተተ ማሽን ሁሉ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው የተለመደ ምክርም የሚፈታው የሶፍትዌር ችግርን ብቻ ነው።

ጥማዱ የሚሄደው በማን ልክ ነው?

የጎጃም ገበሬ ጥማድ የሚሄደው በደካማው በሬ ልክ መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። ብርቱውን ሸጦ ከእሱ የበረታ ቢገዛ እርሻው አይፈጥንም። ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተርም ሁለት በሬ አለው። ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንደደረሰች፣ መኪናው ምን እንደገጨ፣ ተቃራኒው ምን እንደሚያደርግ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ የተሰላውን ይሥላል። ካርዱ አንዱን ምስል ሲሥል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ የሚታየውን ፍጥነት የሚወስነው የዘገየው ነው።

በቁጥር እንየው። በሰከንድ 60 ምስል ለማግኘት እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ማለቅ አለበት። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ምስል 20፣ ካርዱ ደግሞ 33 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋሉ እንበል። የሚታየው በሰከንድ 30 ምስል ነው። አሁን ሦስት እጥፍ ፈጣን ካርድ ቢገዛ ካርዱ ሥራውን በ11 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳል። ገዢው 90 ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን 50 ነው፤ ምክንያቱም አሁን የሚጠበቀው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርዱን ትቶ ፕሮሰሰሩን ቢቀይር ደግሞ ያው 30 ላይ ይቀር ነበር። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 የዚህን የቅርብ ዘመድ የሆነ ሐሳብ አስቀምጧል፦ አንድን ክፍል ማፍጠን የሚያስገኘው ጥቅም፣ ያ ክፍል ከጠቅላላው የሥራ ጊዜ ካለው ድርሻ አያልፍም።

ደካማውን ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግም። የሚጫወቱትን ጌም ይክፈቱ፤ በጣም ወደሚቆራረጥበት ቦታ ይሂዱ፤ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ ያንብቡ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ሌላውን ሴቲንግ ሳይነኩ ሬዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ይቀንሱ። ቁጥሩ በደንብ ከዘለለ ደካማው ካርዱ ነው፤ የሚሥለው ሲቀንስለት ፈጥኗል። ቁጥሩ እዚያው ከቆመ ደካማው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የምስሉ ስፋት የእሱን ስሌት አይቀንስለትም።

ሁለተኛው ምልክት የሥራ መጠን ነው። ካርዱ 97 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ አቅሙን ጨርሷል። 60 በመቶ ላይ ሆኖ ጌሙ ከተቆራረጠ ሌላ ክፍል እያስጠበቀው ነው። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ ቁጥር ግን ያታልላል፤ ከአራቱ ኮሮች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሳለ ታስክ ማናጀር በአማካይ 50 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ራሙ ሞልቶ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተጣበቀ ያነሰው ራም ነው። ጌሙ የሚንገጫገጨው አዲስ ሰፈር ሲገባ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ይጠርጥሩ።

ካርድ ከመግዛት በፊት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር በመጠን ያው ቢሆንም ሳስቷል፤ ይዞ የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ይህን ያካክሳል፤ የበጋው አቧራ ማቀዝቀዣውን ሲሸፍነው ግን ማካካሻው አይበቃም። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ጥሩ ሄዶ ከዚያ የሚዝል ማሽን ካለዎት መጀመሪያ ሙቀቱን ይዩ። ሶኬቱን ነቅለው፣ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዘው፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ፔስቱን ያድሱ።

ከፍታው ሀርድ ዲስክንም ይመለከታል። የሀርድ ዲስክ ራስ ከሚሽከረከረው ገጽ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን አየር ላይ ነው፤ አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታም 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ከዚህ በታች ናት፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ ግን ወሰኑ ይታለፋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ከፍታውም የመኪና መንገጫገጭም አያሳስበውም። ከሀርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መሻገር በሰከንድ የሚታየውን የምስል ቁጥር እምብዛም አይጨምርም፤ የመክፈቻውን ጥበቃና አዲስ ሰፈር ሲገባ የሚመጣውን መንገጫገጭ ግን በእጅጉ ያቀልላል። አሮጌው ማሽን ሲሸነፍ ነቅሎ ወደ አዲሱ መውሰድም ይቻላል።

ራም ላይ አንድ ነገር ብቻ ይወቁ። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ከተሰካበት ማሽን ይልቅ ሁለት ባለ 4 የተሰካበት መረጃ በሁለት መስመር ያመላልሳል፤ ካርድ በሌለው ማሽን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ኦፕቲፕሌክስ 7010ና ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 የሚቀበሉት ዲዲአር3 ነው፤ አዲሶቹ ማሽኖች አይቀበሉትም። ስለዚህ ለነዚህ ማሽኖች ራም ሲገዛ ያገለገለና ርካሽ ይሁን።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ

የደጋው ክረምት ነጎድጓድና የመብራት መቆራረጥ ይዞ ይመጣል። ለኮምፒዩተር መብራቱ ከሚሄድበት ይልቅ የሚመለስበት ቅጽበት ይበልጥ ሊያሰጋ ይችላል፤ ቮልቴጁ ከ220 በላይ ሊዘል ይችላልና። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ምንም አያስወጣም።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ግን ይምታታሉ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ባትሪ አለው፤ ጌሙን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ የሚሸከመው 650 ዋት አይደለም፤ አብዛኞቹ 360 እስከ 390 ዋት ናቸው። ትንሽ ካርድ ላለው የቢሮ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ይህ ይበቃል። ዩፒኤስ የምስል ቁጥር ስለማይጨምር ለብዙ ተጫዋች አፕግሬድ አይመስለውም። ሆኖም ከእሱ ኋላ የሚገዛውን ሁሉ የሚጠብቅ ስለሆነ ከካርዱ በፊት ቢገዛ ይሻላል።

የ75 ዋት ወሰን

ልኬቱ ጣቱን ካርዱ ላይ ከቀሰረ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው ካርድ ፈጣን ነው?» ሳይሆን «የእኔ ማሽን የትኛውን ይሸከማል?» ነው። ካርዱ የሚሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሶኬት ራሱ የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የተለየ ገመድ ይጠይቃል፤ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ የለውም። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው። «ትልቅ እቀይርበታለሁ» ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም፦ ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ገበያ ላይ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ማገናኛ አይጠቀሙም። በቀጭኑ ሣጥን የሚመጡት ሞዴሎች ደግሞ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ያስገባሉ።

ስለዚህ ምርጫው በተግባር ጥቂት ካርዶች ላይ ይወድቃል። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ (2014፣ 60 ዋት)፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ (2016፣ 75 ዋት)፣ ጂቲኤክስ 1650 (2019፣ 75 ዋት)፣ አርኤክስ 6400 (2022፣ 53 ዋት) እና ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 (2024፣ 70 ዋት) ናቸው፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አንዳንድ አምራቾች 1050 ቲአይንና 1650ን ተጨማሪ ገመድ በሚጠይቅ ዓይነት ስላወጧቸው የካርዱን ጎን አይቶ መግዛት ነው። ከነዚህ ውስጥ 750 ቲአይና 1050 ቲአይ አዳዲስ ጌሞችን የሚከተል ድራይቨር ከኦክቶበር 2025 በኋላ አያገኙም፤ ኤንቪዲያ ለነሱ የሚያወጣው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። 1650 ከዚህ ውሳኔ ተርፏል። አርኤክስ 6400 በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ከአቅሙ በታች ይሠራል። 3050 ደግሞ ሬይ ትሬሲንግ ስላለው ከላይ ካየናቸው የተዘጉ በሮች የሬይ ትሬሲንጉን ሊከፍት ይችላል።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው የክሪፕቶ ማይኒንግ ነው፦ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርድ መመረትን ስላቆመ፣ ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የኖሩ እንደ አርኤክስ 580 ያሉ ካርዶች ያገለገለው ገበያ ውስጥ ገብተዋል። ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ ብልሹ አይደለም፤ ፋኑና ፔስቱ ግን መታየት አለባቸው። 580 ደግሞ 185 ዋት ስለሚፈልግ ለቢሮ ማሽን አይሆንም። ሁለተኛው ሐሰተኛ ካርድ ነው። የድሮ ካርድ ውስጡ ያለው መረጃ እንደገና ተጽፎ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ይደረጋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለውም ይጠርጥሩ። ሻጩ ርቆ ከሆነ ካርዱ በጂፒዩ-ዚ ተከፍቶ የሚታይበት ቪዲዮ እንዲልክ ይጠይቁ። ኮምፒዩተሩ ሙሉ ሆኖ በአውቶቡስ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል።

ፕሮሰሰሩ ሲሸነፍ

ፕሮሰሰር ብቻውን የሚቀየር ዕቃ አይደለም። ለአራተኛው ትውልድ የተሠራ ማዘርቦርድ ስድስተኛውን አይቀበልም፤ ስድስተኛው ሲመጣ ራሙም ብዙ ጊዜ ዲዲአር4 ይሆናል። በአንድ ማዘርቦርድ ውስጥ ከአይ5 ወደ አይ7 መውጣት ይቻላል፤ ግን ያ ገንዘብ ከማሽኑ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ልኬቱ ፕሮሰሰሩን ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሌላ ያገለገለ ታወር ገዝቶ ካርዱንና ኤስኤስዲውን ማሻገር ነው።

የትኛውን ትውልድ? ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ጀምሮ። ባሕር ማዶ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ምክንያት የሚጥሏቸው የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ይረክሱ ይሆናል፤ ርካሽነታቸው ግን በሩ የተዘጋ ስለሆነ ነው። በሌላ በኩል ከአይ5-8400 ጀምሮ የስምንተኛው ትውልድ አይ5 ዴስክቶፖች ስድስት ኮር አላቸው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው አራት ነበራቸው። የሚቀጥለው ታወር ከስምንተኛው ትውልድ እንዳይወርድ የምንለው በሁለቱም ምክንያት ነው።

ጊዜውን መምረጥ

በዓለም ገበያ «ቆይ፣ ይረክሳል» የሚለው ምክር ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። እኛ ዘንድ ግን ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለወጥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዶላር የረከሰ ካርድ በብር ሊወደድ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ሜሞሪ እየተሻሙ በመሆናቸው ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ሽቅብ ወጥቷል። ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለግል ተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም ያስታወቀውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ዛሬ የሚያስፈልግ መሆኑን ካሳየ መጠበቅ ብዙ አያተርፍም። ገና ላልወጣ ጌም ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ግን በየትኛውም ምንዛሪ ኪሳራ ነው።

ውሳኔው በአንድ ማሽን ላይ

አንድ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር እንውሰድ፦ አይ5-3470፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሀርድ ዲስክ፣ 750 ቲአይ ካርድ። ባለቤቱ የሚጫወተው ጂቲኤ 5 ነው። ሬዞሉሽኑን ዝቅ ሲያደርግ ቁጥሩ ከ40 ወደ 65 ይዘላል እንበል። ደካማው ካርዱ ነው። ከተጸዳና ዩፒኤስ ከተገዛለት በኋላ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ 1650 ወይም 3050 ይገባለታል፤ ሁሉም ወደሚቀጥለው ማሽን ይሻገራሉ። ዲዲአር3 ራምና አይ7 ፕሮሰሰር ግን አይገዛም።

ያው ሰው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24ን መጫወት ከፈለገ መልሱ ይለወጣል። ጌሙ ቢያንስ አይ5-6600ኬ፣ 1050 ቲአይ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ካርዱ ቢቀየርም ፕሮሰሰሩ ከዝቅተኛው በታች ይቀራል። ለዚህ ሰው የመጀመሪያው ግዢ የስምንተኛ ትውልድ ታወር ነው፤ 750 ቲአይው ከዝቅተኛው በታች ቢሆንም ለካርድ የሚሆን ገንዘብ እስኪሞላ እዚያ ላይ ይሰካል።

ሦስተኛው ሰው ደግሞ የሚጫወተው የድሮ ፊፋ ነው፤ በሰከንድ 60 ምስል ያገኛል፤ ሙቀቱም ደህና ነው። የጓደኛው ኮምፒዩተር ከእሱ የፈጠነ መሆኑን ስላየ ብቻ ነው የመጣው። ልኬቱ ለእሱ ያለው መልስ አንድ ነው፦ ምንም አይግዙ። ገንዘቡን ቢያስቀምጥ፣ ማሽኑ በእርግጥ በር የሚዘጋበት ቀን ሲመጣ አንድ ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ ታወር መግዣ ይኖረዋል። ያን ጊዜ አሮጌው ለጌም ባይሆንም ጽሑፍ ለሚጽፍና ኮዲንግ ለሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገና ይሠራል። ዲስኩ ተጠርጎ፣ የሙቀቱና የፍጥነቱ ልኬት ለገዢው ታይቶ ቢሸጥ የአዲሱን ዋጋ በከፊል ይችላል።